ልጄን ፉሪሶዴ (የጃፓን ልጃገረዶች የክት ኪሞኖ) ላለበሱልኝ እናት ምስጋና፣ ለሀበሻ ወላጆችም ጥቆማ

ቶኪዮ ካትሱሺካና አካባቢው ያላችሁ ሀበሾች፣ በተለይ ልጆቻችሁ ወደ ሃያ ዓመት የተጠጉ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ዮትሱጊ አካባቢ ኪሞኖ፣ የጃፓንን ባህላዊ ልብስ፣ የሚያለብሱ አንዲት እናት አሉ። ዘንድሮ ለሰይጂን ሺኪ፣ ጃፓኖች ልጆቻቸው ለአቅመ አዋቂ ሲደርሱ ለሚያከብሩት በዓል፣ ልጄን ያለበሱልኝ እሳቸው ናቸው። እጃቸው ይባረክ!

ለማታውቁት፣ በዓሉ የሚውለው በጃንዋሪ ሁለተኛው ሰኞ ነው፤ ሁሌም በገናና በጥምቀት መሀል ማለት ነው። በሕግ አካለ መጠን ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ወደ 18 ቢወርድም፣ አብዛኛው ወረዳ አሁንም የሚጋብዘው የ20 ዓመት ልጆችን ነው። (ደግ አደረጉ፤ በ18 ዓመት ጃንዋሪ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው፣ ማን ይጨፍራል?) የኔም ልጅ የወረዳው ነዋሪ ሆና ስለተመዘገበች ግብዣው በፖስታ እቤታችን ድረስ መጣላት።

ልጄ አባቷን ወጥታ መለሎ ናት። አንድ የኪራይ ሱቅ «በቁመቷ የሚሆን የለንም» ብሎ መልሶናል። እኚህ እናት ግን ከራሳቸው ልብሶች አንድ ቀይ ፉሪሶዴ መረጡላት፤ እጅጌው አንድ ሜትር ገደማ ወደ ታች የሚወርድ፣ ያላገቡ ልጃገረዶች የሚለብሱት ነው። ኪሞኖ ወገብ ላይ ታጥፎ የሚታሰር ስለሆነ ረጅም ሰው ላይ እጥፋቱ ይጠፋል። እሳቸው የውስጡን ማሰሪያ ዝቅ አድርገው አሰሩትና እጥፋቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወገቧን በፎጣ መሙላት ጀመሩ! እኛ ሸንቃጣ እያልን የምናሞግሰውን ወገብ እሳቸው ቀጥ ያለ ነው የሚፈልጉት፤ አለበለዚያ ልብሱ ይሸበሸባል። ግራው ጎን ከላይ መሆኑን ሁለቴ አዩ፣ ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሟች ነውና። በመጨረሻ ከ4 ሜትር የሚበልጠውን መቀነት፣ ኦቢውን፣ ከጀርባዋ ክንፏን እንደዘረጋች ድንቢጥ አድርገው ቋጠሩት። ቋጥረውም አልተዉአት፤ «ተቀመጪ፣ እጅሽን አንሺ፣ በደንብ ተንፍሺ» እያሉ ፈተሿት። ልጄ እስከ ማታ ስትበላ፣ ስትስቅ፣ ፎቶ ስትነሳ ዋለች፤ ምንም አልላላባትም። ሹሩባዋንም አላስፈቱም፤ ሰብስበው አበባ ሰኩበት፣ እንዴት አምሮባት ነበር መሰላችሁ!

ለወንዶችም ሀካማ (ሰፊ ሱሪ መሰል ልብስ) እና ሀኦሪ (ከላይ የሚደረብ) ያለብሳሉ።

ኪራይ ከመቶ ሺህ የን በላይ መጠየቅ የተለመደ ስለሆነ ገንዘባችሁን ለማን እንደምትሰጡ እዩ። በጃንዋሪ 2018 አንድ አከራይ ድርጅት በበዓሉ ቀን በሩን ዘግቶ ዮኮሃማ ውስጥና ሌላም ቦታ ስንት ልጅ ያለ ልብስ እንደቀረ የሚያስታውስ አለ። እኚህ እናት ገና ሳይነጋ፣ ከቀጠሯቸው ቀድመው ነው ቤታችን የደረሱት።

እንከን ካላችሁኝ፣ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ቀጠሮም በስልክ ብቻ ነው የሚይዙት፤ ጃፓንኛ የማትችሉ ልጆቻችሁ ይደውሉላችሁ። የሚያረፍድ ሰው ደግሞ አይወዱም፤ «የሀበሻ ቀጠሮ» እዚያ አይሠራም። ቀኑ ቶሎ ስለሚሞላባቸው ከዓመት በፊት ተናገሩ። ስልካቸውን ለመስጠት ፈቅደውልኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት የልጁን ቁመት፣ ከአንገት እስከ እጅ አንጓ ያለውን ርዝመትና የእግሩን ቁጥር ለክታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።