ጎንደር ላይ «ከአያት የወረደ የብር መስቀል» ለምትገዙ ወገኖች

ጥምቀት በተቃረበ ቁጥር በጎንደር ከተማ፣ በተለይም በፋሲል ግንብ አካባቢና በፒያሳ፣ አሮጌ መስቀል፣ ጠገራ ብር (የማርያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም) እና የብራና መጽሐፍ «ከአያት የወረደ ነው» እያሉ የሚያቀርቡ ደላሎች ይበራከታሉ። ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ለበዓል ከውጭ አገር የመጣ ዘመዴ በ85 ሺህ ብር የገዛው የእጅ መስቀል ሲመረመር ከብር የተሠራ ሆኖ ባለመገኘቱ ነው። ሻጩ መስቀሉ 200 ዓመት እንዳለፈውና ከጠገራ ብር ቀልጦ እንደተሠራ ነግሮታል፤ ለማረጋገጫም ማግኔት እንደማይስበው አሳይቶታል፣ ከእጀታው ግርጌ የተመታውን 925 የሚል ቁጥርም አስነብቦታል።

ሁለቱም ማረጋገጫ ሊሆኑ አይችሉም። ማግኔት ብርን ብቻ ሳይሆን ነሐስንም፣ መዳብንም፣ ብር እየተባለ የሚሸጠውን የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ድብልቅንም አይስብም። ቁጥሩ ደግሞ ሻጩን ራሱን የሚያጋልጥ ነው። 925 ማለት ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ሲሆን በዘመናዊ ጌጣጌጥ ላይ የሚመታ ምልክት ነው፤ የቀድሞዎቹ አንጥረኞቻችን ግን መስቀልን የሚሠሩት በአብዛኛው ጠገራ ብር አቅልጠው ነበር፣ የጠገራ ብር የብር መጠን ደግሞ ከ1000 እጅ 833 ገደማ ነው። ስለዚህ «ከጠገራ የቀለጠ» እና «925» የሚሉት ቃላት በአንድ መስቀል ላይ አብረው ሲነገሩ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት መሆኑን ለማወቅ መርማሪ እንኳ አያስፈልግም።

መስቀሉን ወደ አንድ አንጥረኛ ወሰድነው፤ የተጠቀመበትም ዘዴ ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው የሚችል ነው። በመጀመሪያ መስቀሉን ብቻውን መዘነው፤ 240 ግራም ሆነ። ከዚያም ውሃ ያለበትን ጎድጓዳ ሳህን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለሰና መስቀሉን በክር አንጠልጥሎ የሳህኑን ሥርና ጎን ሳያስነካ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አጠለቀው፤ ሚዛኑም 28 ግራም አሳየ፤ ይህ መስቀሉ የገፋው ውሃ ክብደት ስለሆነ መስቀሉ ከእኩል መጠን ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ለማወቅ ያስችላል። 240ን ለ28 ስናካፍል ውጤቱ 8.6 ያህል ነው። ንጹሕ ብር ቢሆን 10.5፣ ጠገራ ብር ቢሆን ደግሞ ከ10 ትንሽ ከፍ የሚል ቁጥር ይወጣ ነበር፤ ከ9 በታች የሚወርደው ነሐስና የኒኬሉ ድብልቅ ነው። ላዩ በብር የተለበጠ ዕቃም በዚህ ዘዴ ይጋለጣል፣ ምክንያቱም ስስ ልባጭ የውስጡን ክብደት አይለውጠውም። ውስጡ ክፍት የሆነ ወይም እንጨት የገባበት መስቀል ግን በዚህ መንገድ ስለማይለካ በማይታይ ቦታ ላይ በሞረድ ነካ አድርጎ በአሲድ መፈተን ያስፈልጋል።

እርጅናንም በጥቁረት አትለኩ። አዲስን ብር በእንቁላል አስኳል በአንድ ሌሊት ማጥቆር ይቻላል፣ ጭስና አፈርም የቀረውን ይሠራሉ። በእውነት ለትውልድ ያገለገለ የእጅ መስቀል የሚያልቀው ምእመናን በሚሳለሙት በራሱና በግርጌው አራት ማዕዘን፣ እንዲሁም ካህኑ በሚጨብጠው እጀታ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ የቅርጹ መስመር ሟሙቶ ይለሰልሳል፣ ጥልቅ ጥልቁ ቦታ ግን እንደ ተቀረጸ ይቀራል። የዘመዴ መስቀል ዙሪያውን እኩል ጠቁሯል፣ የሞረዱ ጭረትም ገና ጣት ይይዝ ነበር። ከሁሉም በላይ በቀኝ ክንዱ ላይ የነበረችው ትንሽ የአየር ቀዳዳ በሌላ ሱቅ «ብቸኛ ነው» ተብሎ በሚሸጥ መስቀል ላይ በዚያው ቦታ ተገኝታለች፤ ሁለቱ ከአንድ ቅርጽ የተቀዱ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

ስለ ጠገራ ብር ደግሞ፣ ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው 1780 የሚለው ዓመት የዕድሜ ማስረጃ አለመሆኑን እወቁ። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ ሳንቲሙ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሲታተም ኖሯል። ትክክለኛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ጠርዙም ላይ ከፍ ብሎ የወጣ ጽሑፍ አለው፤ በቅርጽ ተቀድቶ የተሠራው ጠርዙ ልሙጥ ነው ወይም የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል። ውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ገደማ ስለሆነ የዕለቱን የብር ዋጋ ጠይቃችሁ መነሻውን ራሳችሁ አስሉ። ለመስቀልም ስሌቱ ያው ነው፤ ከዚያ በላይ የምትከፍሉት ለሥራውና ለዕድሜው ስለሆነ ያንን ማስረዳት የሻጩ ግዴታ ነው።

የብራናው ጉዳይ ከሁሉም ያሳስበኛል። ገበያ ላይ ከሚቀርቡት «የጎንደር ዘመን ሥዕሎች» ብዙዎቹ ከእውነተኛ አሮጌ መጽሐፍ የተገነጠለ ቅጠል ላይ ጽሑፉ ተፍቆ በቅርቡ የተሣሉ ናቸው፤ ብርሃን ላይ ስትይዙት ከቀለሙ ሥር የፊደል ጥላ ይታያል። እንዲህ ያለውን የሚገዛ ሰው ተታልሎ ብቻ አይቀርም፣ መጽሐፍ እንዲበጠስም ይከፍላል። መጽሐፉ ሙሉ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ተመልከቱ፤ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ» (የሰረቀውና የፋቀው) ብሎ የሚጀምር የግዝት ቃል ወይም የቤተ ክርስቲያን ስም ካለ፣ ይልቁንም ስሙ የነበረበት ቦታ ከተፋቀ፣ ከደብር የወጣ ንብረት ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን አታስገቡ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1932 ተነቅለው ወደ ፓሪስ የተወሰዱባት ጎንደር በዚህ ረገድ የደረሰባት ይበቃታል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ በመሆኑ፣ ዕቃው ሐሰት ከሆነ ገንዘባችሁን፣ እውነት ከሆነ ደግሞ ዕቃውን በፍተሻ ላይ ታጣላችሁ፤ ሻጩ በእጁ ጽፎ የሚሰጣችሁ «የምስክር ወረቀት» የመውጫ ፈቃድ አይደለም።

ዘመዴ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሊያመለክት ሲል በእጁ የነበረው ደረሰኝ «አንድ መስቀል» ከማለት በቀር የሚለው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የዕቃው ዓይነት፣ ክብደቱ፣ የብር መጠኑና ሻጩ የተናገረው ዕድሜ በደረሰኙ ላይ በፊርማው ተጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ይህን ለመጻፍ ካመነታ ቀብድ እንኳ አትስጡ።