አዳማ ላይ ጥሬ ወተት ለምትፈልጉ፦ ሹምባሽ ጋር ሂዱ

ጥሬ ወተት ከየት ልግዛ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ አንድ ግቢ አለ፣ ታፔላ ምናምን የለውም፣ ባጃጁን «ሹምባሽ ጋር አውርደኝ» በሉት ያደርሳችኋል። ሹምባሽ ቤቱን የጀመሩት ሽማግሌ ቅጽል ስም ነው። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ተኩል፣ ማታ ከ11 ጀምሮ እስኪያልቅ ነው ሚሸጡት። ከዛ ውጪ ብትለምኑም አይሰጡም፣ በአዳማ ሙቀት ታልቦ የዋለ ወተት ምን እንደሚሆን የምታውቁት ነው።

ወተቱ ውሃ የሚባል ነገር አልነካውም። አፍልቼ ሳቀዘቅዘው ስልባቦቱ በማንኪያ ይነሳል። እርጎው ደሞ በወይራ የታጠነ ዕቃ ውስጥ ስለሚረጋ ገና ክዳኑን ስትከፍቱት ይሸታችኋል፣ እንደዚ አይነት እርጎ ከእናቴ ቤት ሌላ የትም አልበላሁም።

ዕቃችሁን ግን አሽትተው ነው ሚቀበሉት። ባለፈው ሳምንት ከፊቴ የነበረች ልጅ ሃይላንድ ይዛ መጣች፣ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ከፍታ አሸተተችና «እታለም ሳሙና ይሸታል፣ በሙቅ ውሃ አለቅልቂውና ተመለሺ» አለቻት። ልጅቷ ተናደደች፣ እኔ ግን ሆዴ ባባ፣ ምክንያቱም በ80ዎቹ እዛው በር ላይ ጆግ ይዤ እንደዚሁ የተመለስኩት እኔ ነኝ። አባባ አይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያሸቱት፣ ከዛ በአሉሚኒየም ጣሳ ይለኩልናል፣ ጎኑ ጎድጎድ ያለው ያ ጣሳ ዛሬም አለ።

አባባ ኤርትራ ተወልደው ገና በጉርምስና የጣልያን አስካሪ፣ ማለት የቅኝ ግዛት ወታደር፣ ሆነው የተቀጠሩ ሰው ናቸው። ሹምባሽ ጣልያን ለሀበሻ ወታደር የሚሰጠው የመጨረሻ ማዕረግ ነበር፣ የፈለገ ጀግና ብትሆን ከዛ አታልፍም፣ ከሱ በላይ ያለው መኮንን ሁሉ ነጭ ነው። እሳቸው የደረሱት ከሱ ዝቅ ያለው ሙንታዝ ድረስ ነው፣ ሹምባሽ ያላቸው ሰፈሩ ነው እንጂ ስሙንም አይወዱትም ነበር። በ1933 ከረን ላይ እንግሊዝና ጣልያን ከሰባት ሳምንት በላይ ሲዋጉ ተራራው ላይ ነበሩ። ከዛ በኋላ የንጉሡ ፖሊስ ሆነው ናዝሬት ተመደቡ፣ ያኔ አዳማ ናዝሬት ነበር የምትባለው፣ ከፖሊስ ሲወጡ በሁለት ላም ጀመሩ። በ1967 ደርግ መሬቱን ሲወርስ የቀሩትን ላሞች ግቢ ውስጥ አስገብተው ቀጠሉ።

ከኋላቸው ባንዳ የሚሏቸው ነበሩ። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ፊት ለፊት አላቸው፣ ልጅ ነው ከቤት የሰማውን ነው የደገመው። ምንም ሳይሉ ለክተው ምርቃት ጨምረው ላኩት። እናቴ ደንግጣ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች፣ «ልጁ ምን አጠፋ፣ የጣልያንን ደሞዝ በልቻለሁ» አሏት። ይሄን ያህል ራሱን የማይሸፍን ሰው ወተት ላይ ውሃ ይጨምራል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ልጆቻቸውንም ያሳደጉት በዛው ነው።

ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ዋጋው ከላስቲክ ወተት ወደድ ይላል፣ የላሞቹ መኖ፣ ፉርሽካና ፋጉሎው፣ የሚቀመስ አልሆነም፣ ከወንጂ የሚመጣው ሞላሰስም እንደልብ አይገኝም ይላሉ፣ ይገባኛል፣ ግን ሲጨምሩ ቀድመው ቢነግሩን ጥሩ ነበር። አንዴ ደሞ የማታው ወተት ሳፈላው ብጥስጥስ አለብኝ፣ በነጋታው ድስቱን ይዤ ሄድኩ፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ቀየሩልኝ።

እባካችሁ ሳታፈሉ አትጠጡ፣ ላሟ የፈለገ ንጹህ ብትመስል። የላም ቲቢና ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ይተላለፋል፣ አባባም «አፍሉት» ሳይሉ አይሸኙንም ነበር።

በሁዳዴ ወተት ገዢ ስለሚቀንስ የተረፈውን ይንጡታል፣ ስለዚ የፋሲካ ቅቤ የምትፈልጉ ከአሁኑ ሄዳችሁ ተመዝገቡ፣ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ዕቃ ግን ከቤት ይዛችሁ፣ ታጥቦ።