የፌዝ ዳያግራም የቪዲዮ ሥልጠና፦ መስመሩን ያስነብባል፣ ሰዓቱን ግን ይረሳል

ስለ ቅይጥ ብረታ ብረት ፌዝ ዳያግራም (ቅይጡ በየሙቀቱና በየቅንብሩ ፈሳሽ ወይም የትኛው ዓይነት ጠጣር እንደሚሆን በመስመር የሚያሳይ ሥዕል) የሚያስተምር፣ በክፍያ የሚሰጥ የቪዲዮ ሥልጠና ሰሞኑን ጨርሻለሁ። ሥራዬ የብረት ናሙና ቆርጦ፣ አለስልሶና በአሲድ ነክቶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ስለሆነ ዳያግራሙ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ ያለው መስመር በማይክሮስኮፕ ከሚታየው ምስል ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ለጀማሪ ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር። ሥልጠናውን የገዛሁትም ለዚሁ ነው።

ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅይጥ መጀመሩ መልካም ነው። ንጹሕ እርሳስ በ327፣ ንጹሕ ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጡ፣ በክብደት 62 በመቶ ያህል ቆርቆሮ ያለበት ቅይጥ ግን ከሁለቱም ቀድሞ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። አስተማሪው የዚህን ቅይጥ ፎቶግራፍ አውጥቶ ሁለቱ ፌዞች (እርሳስ የበዛበትና ቆርቆሮ የበዛበት ጠጣር) በስሱ ተነባብረው የተኙበትን ካሳየ በኋላ ቆርቆሮውን ወደ 40 በመቶ ዝቅ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ በመጀመሪያ እርሳስ የበዛበት ጠጣር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተዘረጋ ያድጋል፣ በመካከሉ የቀረው ፈሳሽም 183 ዲግሪ ሲደርስ ያንኑ ንብርብር ሠርቶ ይረጋል።

ከሁሉም የወደድኩት የብረትና የካርቦን ክፍል ነው። 0.40 በመቶ ካርቦን ያለው ብረት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ምን ያህሉ ፐርላይት (ካርቦን የሌለው ያህል የሆነ ብረትና የብረትና የካርቦን ውሁድ በስሱ የተነባበሩበት መዋቅር) እንደሚሆን በሌቨር ሩል፣ ማለትም በዳያግራሙ ላይ ካሉ ርቀቶች የእያንዳንዱን ክፍል ድርሻ በሚያወጣው ደንብ፣ ያሰላል። 0.022 ፐርላይት ያልሆነው ብረት የሚይዘው፣ 0.76 ደግሞ ፐርላይት የሚይዘው የካርቦን መቶኛ ነው፦ ከ0.40 ላይ 0.022 ተቀንሶ፣ ውጤቱ ከ0.76 ላይ 0.022 ተቀንሶ ለሚገኘው ሲካፈል 51 በመቶ ገደማ ይመጣል። እኔም በምድጃ ውስጥ እንዳለ የቀዘቀዘ ተመሳሳይ ናሙና ላይ የነጥብ መረብ አሳርፌ ጥቁሩን ክፍል (ፐርላይቱን) ብቆጥር ከግማሽ ትንሽ በለጠ፤ ስሌቱ በዓይን ሲረጋገጥ ማየት፣ ዓመታት በሥራው ላይ ለቆየ ሰውም ቢሆን፣ ደስ ይላል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ዳያግራሙ የሚናገረው ቅይጡ ወደ ሚዛኑ ለመድረስ በቂ ጊዜ ሲያገኝ ስለሚሆነው ብቻ ነው። ያንኑ 0.40 በመቶ ካርቦን ያለውን ብረት አግለው ውሃ ውስጥ ቢነክሩት በአብዛኛው የሚያገኙት ማርቴንሳይት (ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር በጣም ጠንካራ መዋቅር) ነው፤ ማርቴንሳይት ደግሞ በዳያግራሙ ላይ ስፍራ የለውም። ሥልጠናው ይህን የሚያነሣው በመጨረሻው ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የመዳብና የኒኬል ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ዳያግራሙ ወጥ የሆነ ጠጣር ተስፋ ቢሰጥም፣ ተቀልጦ የፈሰሰ ቅይጥ ሲመረመር የቅርንጫፉ መሐል ኒኬል፣ ዳሩ መዳብ እንደሚበዛበት አንድም ፎቶግራፍ አያሳይም።

ፎቶግራፎቹ ደግሞ የመጠን መለኪያ የላቸውም። ፐርላይት በዝቅተኛ ማጉያ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ፣ በከፍተኛው እንደ ንብርብር ስለሚታይ፣ ማጉያው ያልተጻፈለት ጀማሪ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያየ ይመስለዋል። ይህንን ሁለት ጊዜ ጽፌላቸው የደረሰኝ መልስ «እናየዋለን» የሚል ብቻ ነው።

ዳያግራም ማንበብን ከዜሮ ለሚጀምር ተማሪ እንዲገዛው እመክራለሁ። ብረት አግሎ በማጠንከር ሥራ ላይ ያለ ግን ከዚህ ይልቅ ጊዜን ከሙቀት ጋር አዛምደው የሚያሳዩ ዳያግራሞችን የሚያስተምር ሥልጠና ቢፈልግ ይሻለዋል።