ፕላኔት ኧርዝ 2፦ እውነት ነው ወይስ አሪፍ ኤዲቲንግ?

የቢቢሲው የተፈጥሮ ዶክመንተሪ ፕላኔት ኧርዝ 2 የወጣው በፈረንጆቹ 2016 ነው፣ 6 ክፍል ነው፣ እኔ ሙሉውን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ስለ ምስሉ ብዙ አልልም፣ ያምራል በቃ፣ ሁሉም ሰው ብሎታል። እኔን የገረመኝ ይሄን ነገር ስናይ ለምንድነው ቅንጣት ታህል የማንጠራጠረው የሚለው ነው።

1ኛው ክፍል ላይ ያለችውን ትንሽዬ ኢጉዋና (እንሽላሊት መሳይ ናት) ያላያት ያለ አይመስለኝም፣ ሶሻል ሚዲያውን ሞልታው ነበር። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች፣ ፈርናንዲና የምትባለው ላይ ከአሸዋ ውስጥ ብቅ ትላለች፣ እባቦቹ ደሞ አድፍጠው እየጠበቁ ነው፣ አይናቸው ደካማ ስለሆነ የሚለዩት የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፣ እሷ ድርቅ ብላ ትቆማለች፣ አንዱ እባብ አጠገቧ ድረስ ይመጣል፣ እኔም ከሷ ጋር ትንፋሼን ውጫለሁ፣ ከዛ ድንገት ሩጫ! እባብ ከየስንጥቁ ይግተለተላል፣ ጠምጥመው ያዟት አለቀላት ስትሉ ሹልክ ብላ ታመልጣለች። በ2017 የባፍታን (የእንግሊዞቹን የፊልምና የቲቪ ሽልማት) የተመልካቾች ሽልማት የወሰደው ይሄው ትዕይንት ነው። እና በዛው አመት ፕሮዲውሰሯ ኤልዛቤት ዋይት ራሷ ተናገረች፣ ያቺ ኢጉዋና ሁሌ አንድዬዋ አይደለችም፣ ከሌሎች ኢጉዋናዎች የተቀረፀ ምስል ተቀጣጥሎበታል።

ታዲያ ውሸት ነው? አይደለም ባይ ነኝ። እባቦቹ እንደዛ ነው የሚያድኑት፣ ጫጩቶቹም እንደዛ ነው የሚያመልጡት ወይ የሚበሉት፣ ማንም ትወና አላስተማራቸውም። ግን እኔ የተጨነቅኩት ለአንዲት ለማውቃት ነፍስ ነበር፣ እሷ ደሞ የተወለደችው ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ነው።

ድምፁ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። የተፈጥሮ ፊልም የሚቀረፀው ብዙ ጊዜ ከሩቅ በትልቅ ሌንስ ነው፣ ማይክ ግን እንደ ሌንስ ዙም አያደርግም፣ ስለዚህ የምትሰሙት የኮቴ፣ የማኘክ፣ የክንፍ ድምፅ አብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ የሚሰራው ነው። የበረዶ ላይ ርምጃ ከተፈለገ የበቆሎ ስታርች ከረጢት ውስጥ አድርገው ይጨምቁታል፣ በቃ በረዶ ተረገጠ። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ድምፁን ዘግቼ ሞከርኩት፣ ምስሉ ያው ነው ግን ምንም አልመሰለኝም፣ ባንክ ቤት ወረፋ ስትጠብቁ ግድግዳ ላይ እንደሚሄደው ቲቪ ሆነብኝ።

ለኛ ሰው ግን ዋናው ፈተና 6ኛው ክፍል ነው፣ ስለ ከተሞች የሚያወራው፣ ሐረር አለችበታ። ማታ ነው፣ ሁለት የጅብ መንጋ ከግንቡ ውጪ ይጣላል፣ ሙዚቃው ዛሬ ሰው ሊበላ ነው ያስብላል፣ ከዛ ጅቦቹ አጥንት ፍለጋ በጀጎል ጠባብ መንገድ ሰተት ብለው ይገባሉ። ትንሽ ቆይቶ ተራኪው ዴቪድ አተንቦሮ በዛ ረጋ ባለ ድምፁ እዚህ ጅብና ሰው ተስማምተው ነው የሚኖሩት ይላል፣ አንተም እፎይ ትላለህ። አብሮኝ ያየው የሐረር ልጅ ግን በሳቅ ሞተ፣ "ወላሂ ይሄ ሙዚቃ ሐረር የለም፣ እኛ ጅብ ሲያልፍ ወሬያችንንም አናቋርጥም" አለኝ። ጅቡ እውነት፣ ግንቡ እውነት፣ አጥንቱም እውነት፣ ፍርሃቱ ብቻ ከውጪ የመጣ ነው። እሱ ይሄን የያዘው ቦታውን ስለሚያውቅ ነው፣ እኔ ጋላፓጎስን የት አውቄ ልያዝ!

በየክፍሉ መጨረሻ ወደ 10 ደቂቃ ገደማ እንዴት እንደቀረፁት ያሳያሉ፣ አለቀ ብላችሁ እንዳታጠፉት። ዛቮዶቭስኪ የምትባል እሳተ ገሞራ ያለባት የፔንግዊን ደሴት ላይ ለመውረድ በዛ ማዕበል የሚያዩትን ፍዳ ሳይ ይበልጥ አመንኳቸው። ያው እሱም ሙዚቃና ኤዲቲንግ ያለው ነገር ነው፣ ግን ቢያንስ ካሜራ የያዘው ሰው ይታያል። ሌላው ማጭበርበሪያ ሁሉ እዚህ ቢታይ ግን ደስ ይለኝ ነበር፣ ስለ ስታርቹ ማንም ትንፍሽ አይልም።

እኔ 4 ከ5 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የቀነስኳት ለሙዚቃው ነው፣ የመክፈቻውን ሙዚቃ የሰራው ሀንስ ዚመር ይቅር ይበለኝ። ሞባይል ላይ አትዩት፣ በ4ኬ (በጣም ጥርት ባለ ምስል) የተሰራ ነገር በሞባይል ማየት ዳታ መጨረስ ነው። ትንንሽ ልጆች ካሉ ደሞ የእባቡን ቦታ ቀድማችሁ እዩት፣ የምትያዘውም አለች።