«ድምፅ የለውም ወንድሜ»፦ ለሳሎን የገጣጠምኩት ኮምፒውተር፣ ዕቃ በዕቃ

ነገሩ የጀመረው በአንድ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ከዱባይ ከሚመጡት ዓይነት፣ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ቲቪ ስር ልክክ ብሎ የሚገባ። ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል፣ የኢንቴል አራተኛ ትውልድ አይ5 ነው። ዋጋው ጥሩ ነበር፣ ሱቅ ውስጥ ሲበራም ትንፍሽ አላለም። ቤት ወስጄ ቲቪው ላይ ሰካሁትና አንድ የ4ኬ ቪዲዮ ከዩቲዩብ ከፈትኩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሳሎኑ ውስጥ ፀጉር ማድረቂያ የተከፈተ መሰለ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ብቅ አለችና «ምንድነው እሱ፣ ሊበር ነው እንዴ?» አለችኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፋኑን፣ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ ነው። ስለዚህ ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ሱቅ ሄጄ «ድምፅ የሌለው ፋን» ጠየቅኩ። ካርቶኑ ላይ «ሳይለንት» የሚል የተፃፈበት፣ አራት ቀለም መብራት ያለው ፋን አወጣልኝ። ልጁ ሰካውና «ይኸው፣ ድምፅ የለውም ወንድሜ» አለኝ። እውነትም አልሰማሁም። ውጭ ጄኔሬተር እየሠራ፣ ከጎን ሱቅ ሙዚቃ ተለቆ፣ ሦስት ሰው ባንዴ እየተጨቃጨቀ ምን ይሰማል? ቤት ስገጥመው የድሮው ይሻል ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ደግሞ መሽከርከሪያው ላላና እንደ ያልተቀባ በር ይሲጥ ጀመር። ልመልሰው ስሄድ ልጁ ምንም አልተናገረም፣ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈችው ወረቀት ብቻ ጠቆመኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

ለማንኛውም ጥፋቱ የፋኑ አልነበረም። ይሄን የተረዳሁት ገንዘቤን ካወጣሁ በኋላ ስለሆነ እናንተ በነፃ ውሰዱት። ዩቲዩብ የ4ኬ ቪዲዮ የሚልክላችሁ ቪፒ9 ወይም ኤቪ1 በሚባል አስተሻሸግ አጭቆ ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የግራፊክስ ክፍል ያንን መፍታት የሚያውቅ ከሆነ ሥራው በዋዛ ያልቃል፣ ማሽኑ ለብ እንኳ አይልም። የማያውቅ ከሆነ ግን ዋናው ፕሮሰሰር በጉልበት ይፈታዋል፤ ይሞቃል፣ ፋኑም ያብዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኢንቴል አራተኛ ትውልድ ይሄን ሥራ በወጉ አያውቀውም። ቪፒ9ንም፣ ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ የሚባለውን ሌላ አስተሻሸግም በደንብ መፍታት የጀመረው ሰባተኛው ትውልድ ነው፣ ኤቪ1ን ደግሞ አስራ አንደኛው። በኤኤምዲ በኩል ገበያው ላይ በብዛት የምታዩት ራይዘን 5600ጂ ቪፒ9 ላይ ችግር የለበትም፣ ኤቪ1 ግን አይፈታም።

ስለዚህ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ስለ ፋን ከመጠየቃችሁ በፊት ትውልዱን ጠይቁ። ከሰባተኛ በታች ከሆነ ለቲቪ አትውሰዱት፣ ለልጅ የቤት ሥራ ይሁን። በእኔ ቤት አሁን ያ አይ5 የሚሠራው እሱን ነው፣ ወርድ ላይ ሲሆን ጨዋ ነው።

እና ከባዶ ለመገጣጠም ወሰንኩ። ወንድሜ ከሜሪላንድ ሊመጣ ስለነበር ዕቃው በሻንጣ መጣ። ኬዙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሳጥን፣ ግማሽ ሻንጣ ይዞበት ሲያማርር ከርሞ፣ ሲመለስ ግን በዚያው ቦታ በርበሬና ሽሮ ሞልቶበት ስለሄደ ተቻችለናል።

ፕሮሰሰሩ አይ3-12100 ነው። አራት ኮር፣ የራሱ ግራፊክስ ያለው፣ ኤቪ1 የሚፈታ። ግራፊክስ ካርድ አልገዛሁም። ይሄ ምናልባት ለፀጥታ ያደረግኩት ትልቁ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ካርድ ማለት ተጨማሪ ሙቀትና ተጨማሪ አንድ ወይም ሁለት ፋን ማለት ነው። ጌም የምትጫወቱ ከሆነ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ አይደለም፣ ወይም ማሽኑን ሌላ ክፍል አስቀምጡትና ረጅም ኤችዲኤምአይ ዘርጉ።

ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ማቀዝቀዣ ኖክቱዋ የሚባለው የኦስትሪያ ኩባንያ ኤንኤች-ኤል9አይ ነው፣ ለዚህ ፕሮሰሰር መሰኪያ የተሠራው። ስለሱ ትንሽ ላውራ፣ ከዕቃዎቹ ሁሉ የወደድኩት እሱን ስለሆነ። ከነፋኑ ቁመቱ 37 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ፋኑ 92 ሚሊሜትር ሲሆን ሙሉ ፍጥነቱ በደቂቃ 2500 ዙር ነው። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት አጭር ገመድ ትመጣለች፣ መሃል ላይ ስትሰኳት ፍጥነቱን ወደ 1800 ታወርደዋለች። ኩባንያው ከ23.6 ወደ 14.8 ዴሲቤል ይወርዳል ይላል። ቁጥሩን እንደ ወንጌል አትያዙት፣ ፋን ሠሪዎች በተለያየ መንገድ ስለሚለኩ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። በስልክ አፕ ልለካ ካላችሁ ደግሞ ተዉት። ዝም ባለ ክፍል ውስጥ የስልክ ማይክ የሚለካው የራሱን ጫጫታ ነው። በእኔ ጆሮ ከሦስት ሜትር ላይ፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት፣ ቲቪው ድምፁ ጠፍቶ፣ አይሰማም። ጆሮዬን ኬዙ ላይ ስለጥፍ ትንፋሽ የሚመስል ነገር አለ።

ቀለሙ ግን አስቀያሚ ነው። ቡናማና ክሬም። የወንድሜ አስተያየት «የቀበሌ ቢሮ ወንበር» ነበር። ጥቁሩም አለ፣ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ኬዝ ውስጥ ተዘግቶበት ማን ሊያየው? የ6 ዓመት ዋስትና አለው ይላል። ኦስትሪያ ድረስ ማን ይልካል የሚለውን ለራሳችሁ ተዉት።

አሁን የማይፃፍ ነገር ልንገራችሁ። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት የፋንና የሙቀት ግምገማ በሙሉ ማለት ይቻላል የተሠራው ባህር ወለል አጠገብ ባሉ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከዚያኛው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋን ደግሞ የሚገፋው አየር ነው፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። እነሱ 60 ዲግሪ ያሉትን እናንተ ጥቂት ዲግሪ ጨምሩበት። ጥሩው ነገር ሳሎናችን ራሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አይጎዳንም፣ ግን «ያለ ፋን ይሠራል» ተብሎ የተፃፈውን ነገር ሁሉ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትመኑ። ድሬዳዋ ወይም አዳማ ላላችሁ ደግሞ አየሩ የተሻለ ወፈር ያለ ቢሆንም ክፍሉ ራሱ ሙቅ ነው፣ ያው ነው።

ኬዙ የፍራክታል ዲዛይን ኖድ 202 ነው። ዲቪዲ ማጫወቻ ይመስላል፣ ቲቪ ስር ተኝቶ ማንም ኮምፒውተር ነው ብሎ አይጠረጥርም። ትልቅ ሀርድ ዲስክ አይወስድም፣ ከ56 ሚሊሜትር በላይ የሚረዝም ማቀዝቀዣም አይገባውም። ጥሩ ኬዝ ነው። አንድ ችግር አለው፣ እሱም የኬዙ ሳይሆን የቤታችን ችግር ነው፤ ፕሮሰሰሩ አየር የሚስብበት ወንፊት ላይኛው ገፅ ላይ ነው። እማዬ ከደሴ መጥታ ሁለት ሳምንት ስትቆይ አንድ ቀን ማታ ፋኑ ያለወትሮው ሲያፏጭ ሰማሁ። ሄጄ ሳየው ዳንቴል አልብሳዋለች። የቲቪው አናት፣ የሬዲዮው አናት፣ የኔ ኮምፒውተር አናት፣ ሁሉም እኩል ለብሰዋል። ላነሳው ስል «አንተ ልጅ፣ አቧራ ይገባበታል እኮ!» አለችኝ። ደግሞ እውነቷን ነው፣ በጋ ላይ ወንፊቱን በየወሩ ማፅዳት አለብኝ። ዳንቴሉ አሁን ራውተሩ ላይ ነው፣ እሱ ፋን የለውም።

ፓወር ሰፕላዩ፣ ለዕቃዎቹ ሁሉ ኃይል የሚሰጠው፣ ኮርሴር ኤስኤፍ450 ነው። ሸክሙ ዝቅተኛ ሲሆን ፋኑ ጭራሽ አይዞርም። እኔ ቤት ውስጥ ሲዞር አይቼው አላውቅም። 450 ዋት ለዚህ ማሽን ብዙ አይደለም ወይ ካላችሁ፣ ብዙ ነው፣ ግን ፓወር ሰፕላይ ላይ ብዙ መሆኑ ነው ዝም የሚያሰኘው። ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው ማከማቻ) እና ሜሞሪ ድምፅ የላቸውም፣ በኪሳችሁ ልክ ግዙ።

ሁሉም ተገጥሞ የመጀመሪያው ቀን ግን ደስ አላለኝም። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ግን ይወጣል ይወርዳል፣ ይወጣል ይወርዳል። የቲቪ ሜኑ ስነካ «ውውው» ይላል፣ ከዚያ ይረጋጋል፣ ደግሞ ይነሳል። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሰው የሚያናድደው የድምፁ መጠን ሳይሆን መለዋወጡ ነው። ወጥ የሆነ ድምፅ ጆሮ በአስር ደቂቃ ውስጥ ይረሳዋል፣ ከፍ ዝቅ የሚለውን ግን ሁልጊዜ ይጠብቀዋል። ባዮስ ውስጥ ገባሁ፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ ገፅ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ በወረቀት 60 ዋት ነው፣ ሲለቀቅ ግን እስከ 89 ይሄዳል። ማዘርቦርዱ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ቦርድ) ስለፈቀደልኝ 35 ዋት ላይ ገደብኩት። ቪዲዮ ላይ ምንም ልዩነት አላየሁም፣ ምንም። ከዚያ የፋኑን መስመር አስተካከልኩ፦ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ አንድ ዓይነት ዝግ ያለ ፍጥነት፣ ከዚያ በላይ ብቻ ቀስ እያለ ይጨምር። ለለውጥ ቶሎ ምላሽ እንዳይሰጥም አዘገየሁት። አንድ ብር ያልወጣበት ሥራ ነው፣ ከኖክቱዋውም በላይ ለውጥ ያመጣው እሱ ነው። ቁጥር ለሚወድ፣ አንድ ፋን ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፣ 10 ዴሲቤል ቀነሰ ማለት ደግሞ ለጆሮ በግማሽ እንደቀነሰ ነው። ይሄ እንዲሠራ ግን የፋኑ መሰኪያ ባለ አራት ፒን ቢሆን ይመረጣል። የቦሌው «ሳይለንት» ሦስት ነበር፣ በዚያ ላይ የዚያ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ባለ ሦስቱን ሊያዘገየው አልቻለም።

የቀረኝ ሀርድ ዲስክ ነበር። የቆዩ ፊልሞችና የሠርግ ቪዲዮዎች ያሉበት በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዲስክ አለኝ። ለብቻው ስትይዙት አይሰማም፣ የቲቪ ማስቀመጫው እንጨት ላይ ስታስቀምጡት ግን እንጨቱ እንደ ከበሮ ያጎላዋል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ለሁለት ቆርጬ ከስሩ አደረግኩ። አለቀ። ጎማ ያለው መያዣ በዶላር የሚሸጡ አሉ፣ እኔ ስፖንጁን ከወጥ ቤት ሰርቄ ነው።

እንደገና ብጀምር ምን እገዛ ነበር? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምናልባት ይሄን ሁሉ አልገዛም። ጓደኛዬ ኢንቴል ኤን100 ያለበት የአስሮክ ቦርድ ገዛ፣ ኤን100ዲሲ-አይቲኤክስ የሚባለውን። ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ ተጣብቆ ነው የሚመጣው፣ 6 ዋት ነው፣ ማቀዝቀዣው ፋን የለውም፣ ፓወር ሰፕላይም አይፈልግም፣ ባለ 19 ቮልት የላፕቶፕ ቻርጀር ነው የሚሰካበት። ኤቪ1 ይፈታል። የሚዞር ነገር የለም ስለዚህ የሚጮህ ነገር የለም። ብዙ ነገር ባንዴ ስትከፍቱ ይዘገያል፣ ሜኑው እንደኔው ቀልጠፍ አይልም፣ ቪዲዮ ላይ ግን እኩል ነን። መብራት ሲሄድ ደግሞ የሱ ዩፒኤስ ከኔ በብዙ ይቆያል። ይሄን ሲነግረኝ ፈገግ ብሎ ነው የነገረኝ። ለቪዲዮ ብቻ ከሆነ እሱን ግዙ። አንዳንዴ ሌላ ሥራም የምትሠሩበት ከሆነ የኔው ይሻላል።

ማሽኔ ዝም ካለ በኋላ ታዲያ ሳሎን ውስጥ አንድ ሌላ ድምፅ ተገኘ። ለዓመታት እዚያው የነበረ ግን ሰምቼው የማላውቅ። ስታብላይዘሩ። መብራቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር «ቀጭ»፣ መሃል መሃሉን ደግሞ «እምምም»። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ማታ መብራቱ እንዴት እንደሚጫወት የሚያውቅ ያውቀዋል። ያንን ሁሉ ወጪ አውጥቼ ፊልሙ ፀጥ ያለ ቦታ ላይ ሲደርስ «ቀጭ»። ከቲቪው ኋላ አውጥቼ ኮሪደር ላይ ጫማ ማስቀመጫው ውስጥ ከተትኩት፣ አየር እንዲያገኝ በሩን ገርበብ አድርጌ። አሁን «ቀጭ» የሚለው እንግዳ ጫማ ሲያወልቅ ነው።

ያ ባለ አራት ቀለም መብራት ፋን አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። የሚፈልግ ካለ በነፃ እሰጣለሁ፣ ድምፅ የለውም።