ሌብል ፕሪንተሬና ሚዛኔ ከ10 ወር በኋላ (ዕቃ በፖስታ ለምትልኩ)

እዚህ ቨርጂኒያ ሆኜ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ ሀበሻ ሱቅ እንደልብ ለማያገኙ ወገኖች እልካለሁ፣ በሳምንት 20 ምናምን ፓኬጅ። ጃንዋሪ 2024 ላይ ቀለም የማይፈልገውን በሙቀት የሚያትመውን ፕሪንተርና 50 ፓውንድ የሚችል ዲጂታል ሚዛን ገዛሁ፣ ልግዛ አልግዛ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ይኸው።

አንደኛ የፖስታ ቤቱ ሰልፍ ቀረልኝ። ሌብል (ካርቶኑ ላይ የሚለጠፈው አድራሻና ባርኮድ ያለበት ወረቀት) ኦንላይን ሲገዛ ካውንተር ላይ ከሚከፈለው ይረክሳል፣ በአንድ ፓኬጅ ትንሽ ናት ግን ተጠራቅማ ፕሪንተሩ በ3ኛው ወር ዋጋውን መለሰ፣ ፖስተኛው ደግሞ ቤት ድረስ መጥቶ በነጻ ይወስድልኛል።

ከፕሪንተሩ በላይ የጠቀመኝ ግን ሚዛኑና ሜትሩ ነው። ሱ ፎልስ (ሳውዝ ዳኮታ) ያሉ አንዲት እናት ለልጃቸው ሰርግ መሶብ አዘዙኝ። ከነካርቶኑ 4 ፓውንድ ብቻ፣ ካርቶኑ ግን 20 በ20 በ16 ኢንች ነው፣ ሳስገባው የ39 ፓውንድ ዋጋ መጣብኝ! ተሳስቼ መስሎኝ ሦስቴ ለካሁት። ለካ ዩኤስፒኤስ (የአሜሪካ ፖስታ ቤት) ካርቶኑ ከ1 ኪዩቢክ ፉት ካለፈ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን አባዝቶ ለ166 ያካፍልና ከሚዛኑ ጋር አስተያይቶ የሚበልጠውን ነው የሚያስከፍለው፣ 6400 ለ166 ሲካፈል 38 ተኩል ገደማ፣ ወደላይ ሲጠጋጋ 39። ከ2 ኪዩቢክ ፉት ስላለፈም ሌላ ጭማሪ አለበት። ደውዬ ስነግራቸው "የኔ ልጅ፣ ባዶውን ከምትልኪው ሽሮና በርበሬዬን እዛው ውስጥ ክተቺልኝ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ 20 ፓውንድ ጨምሬበት በዛው ዋጋ ሄደ። በርበሬ ብቻውን ሲሆንና ካሊፎርኒያ ምናምን ሩቅ ሲሆን የፖስታ ቤቱ ፍላት ሬት (ባለ አንድ ዋጋ) ሳጥን ይሻላል፣ እስከ 70 ፓውንድ ዋጋው አንድ ነው፣ ሳጥኑም ነጻ።

የፕሪንተሩ ችግር ሁለት ነው። የበርበሬ ብናኝ ገብቶበት ሌብሉ ላይ ነጭ መስመር ማውጣት ጀመረ፣ ባርኮዱ ካልተነበበ ደግሞ ጣጣ ነው፣ አልኮል በነካ ጥጥ በየሳምንቱ እጠርገዋለሁ፣ ከምፈጭበት ክፍልም አወጣሁት። ሌላው ጁላይ ላይ አንድ ጥቅል ሌብል መኪና ውስጥ ረስቼ በሙቀቱ ጠቁሮ አገኘሁት፣ በሙሉ ተጣለ።

የፖስታ ዋጋን በተመለከተ በጣም ያሳሰበኝ በ2024 ሁለቴ መጨመሩ ነው። ቴምብር እንኳን ጃንዋሪ 2024 ላይ 68 ሳንቲም ገባ፣ ጁላይ ላይ 73። ለደንበኞቼ የእንቁጣጣሽ ካርድ ስለምልክ 400 ፎርኤቨር ቴምብር (ዋጋ ቢጨምርም ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰራውን) ከጭማሪው በፊት ገዝቼ 20 ዶላር አተረፍኩ፣ ፓኬጅን ግን ቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ የለም፣ ከደንበኛ ጋር በድሮው ዋጋ ከተነጋገርኩ ልዩነቱ ከኔ ኪስ ነው።

መድረሱም እንደዛው። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የታዘዘ በርበሬ በአንዱ አጓጓዥ ከ12 ቀን በፊት ልኬ፣ ትራኪንጉ አንድ ቦታ 6 ቀን ቆሞ፣ ከበዓሉ በኋላ ደረሰ። ልጅቷ ምንም አላለችኝም፣ እኔ ግን አፍሬ ሙሉ ገንዘቧን መለስኩላት። ለገና የምታዙኝ እስከ ዲሴምበር 15 አሳውቁኝ፣ ከ18 በኋላ አልልክም።