የውስጡ ይሠራል፣ የውጪው ይበላል፦ «ሴቨራንስ»ን ስንጠብቅ

የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ዋሺንግተን መሀል ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ሦስት ፎቅ ወደ ታች ይወርዳል። የእኔ ክፍል የመጨረሻው ወለል ላይ ነው። አሳንሰሩ ሲዘጋ ስልኬ ኔትወርክ ያጣል፤ ታች ስደርስ ደወሉ ቲን ይላል፤ ከዚያ በኋላ ለስምንት ሰዓት ዝናብ መዝነቡን የማውቀው ከሚገቡት መኪኖች ጎማ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ስወጣ ደግሞ ሲጠብቁኝ ያመሹት መልእክቶች እየተጋፉ ይገባሉ። ወተት እንዳትረሳ። ደሴ ደውል፣ እኅትህ ታማለች። ተሽሏታል፣ ቢሆንም ደውል። ሕመሙም መሻሉም ያለፈው እኔ ሳላውቀው ነው።

ስለዚህ ልጄ «አባዬ፣ ስለ አንተ ሥራ የተሠራ ፊልም አለ» ብላ ስትጠራኝ ስለ ፓርኪንግ መስሎኝ ነበር። ለካ ስለ አሳንሰሩ ኖሯል።

«ሴቨራንስ» በ2022 በአፕል ቲቪ የጀመረ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ ነው (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሉሞን የሚባል ኩባንያ ለአንዳንድ ሠራተኞቹ አንጎላቸው ውስጥ ትንሽ ቺፕ ያስቀብርላቸዋል። አሳንሰሩ ወደ ሥራ ሲወርድ የቤት ትዝታቸው ይዘጋል፤ ወደ ላይ ሲወጣ የሥራው ይዘጋል። አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል ማለት ነው። ፊልሙ «ኢኒ» እና «አውቲ» ይላቸዋል፤ እኛ ቤት «የውስጡ» እና «የውጪው» ሆነዋል። የውስጡ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። እንቅልፍም አያውቅም፤ ማታ አሳንሰር ውስጥ ይገባና ዐይኑን እንኳ ሳያርገበግብ ነግቶ ሥራ ላይ ነው። ርእሱ መቁረጥ፣ መለየት ማለት ሲሆን፣ እዚህ አገር ተቀጥሮ የሠራ ሰው ግን ቃሉን የሚያውቀው በሌላ በኩል ነው፤ ከሥራ ሲያሰናብቱህ የሚሰጡህ ገንዘብ ስሙ ይኸው ነው። የታሪኩ ጸሐፊ ዳን ኤሪክሰን ሐሳቡ የመጣለት በር በሚያመርት ድርጅት ቢሮ ውስጥ ሲሠራ፣ ምነው እነዚህን ስምንት ሰዓቶች ዘልያቸው ብሎ ሲመኝ ነው። ተመኝቼዋለሁ።

በፈረቃ የምንቀያየር አንድ አዛውንት ባልደረባ አሉኝ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ፊልም አያዩም፤ ሲነገራቸው ግን ይወዳሉ። ታሪኩን ስነግራቸው የመኪና ቁልፎቹን በየቁጥራቸው እየሰቀሉ ዝም ብለው ሰሙኝና «ደመወዙን የሚበላው የትኛው ነው?» አሉኝ።

የውጪው ነው አልኳቸው። የውስጡ ስንት እንደሚከፈለው እንኳ አያውቅም።

«እንግዲያው እኔ የውስጡ ነኝ። የውጪዬ ጎንደር ቤት እያሠራ ነው።»

አገር ቤት ሳለሁ የባንክ ሠራተኛ ስለነበርኩ ከሁሉ የያዘኝ የሥራው ዓይነት ነው። አራት ሰዎች አረንጓዴ ምንጣፍ በለበሰ ሰፊ ባዶ ክፍል መሀል ተቀምጠው፣ አሮጌ በሚመስል ኮምፒውተር ላይ ቁጥር ሲመለከቱ ይውላሉ። ከቁጥሮቹ መካከል የሚያስፈራቸውን እየለቀሙ ሣጥን ውስጥ ይከታሉ። ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈራ ማንም አይነግራቸውም። ሰው ይህን ሲያይ ይሥቃል። እኔ ግን የቀኑ ሒሳብ አርባ ሳንቲም ጎድሎብኝ መብራት እስኪጠፋ ድረስ የቆጠርኩ ሰው ነኝና አልሣቅሁም። ኮታውን ለሞላ የሚሰጠው ሽልማት ጣት የሚያስሩባት የወረቀት መጫወቻ ናት፤ ከፍ ሲል የፍራፍሬ ግብዣ አለ፤ የመጨረሻው ክብር የዋፍል ግብዣ ነው። እኔም አንድ ጊዜ የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ተብዬ ስሜ የታተመበት ኩባያ ተሰጥቶኛል። አንድ ፊደል ስተዋል። ቡና የምጠጣበት በእሱ ነው።

አሠራሩን ለሚወድ ሰው የአሳንሰሯ ምስል ብቻ ትበቃለች። ደወሉ ሲያቃጭል ካሜራው ወደ አንድ አቅጣጫ ይንሸራተታል፣ ሌንሱ በተቃራኒው ይሠራል፤ የዋናው ተዋናይ የአዳም ስኮት ፊት ባለበት መጠን ቆሞ ከኋላው ያለው ግድግዳ ሲለጠጥ ይታያል። ልብስ አይቀየርም፣ ብርሃን አይቀየርም። ዐይኑ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል፣ ትከሻው ትንሽ ይስተካከላል፣ በቃ፣ ሌላ ሰው ነው። የቢሮውን ሕንፃ ደግሞ ሄደን አይተነዋል። ኒው ጀርሲ፣ ሆልምዴል ያለው የድሮው የቤል ላብራቶሪ ነው፤ ኤሮ ሳሪነን የነደፈው። አሁን ለሁሉም ክፍት ነው፣ ውስጡ ሱቅም ቡናም አለ። ለሠርግ ወደዚያ አካባቢ በሄድንበት ቅዳሜ ልጄ ከመንገድ አስወጣችን። መግቢያው ላይ ያለው የውሃ ማማ ትራንዚስተር በሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቅርጽ ሦስት እግር አውጥቶ የቆመ ነው። ልጄ ኮሪደሩን ፎቶ ስታነሣ እኔ የመኪና ማቆሚያውን ሳደንቅ ቆየሁ። ስፋቱ ልክ የለውም፤ ያስከፈለኝም የለም።

ወደ መጠበቁ ልምጣ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ዘጠኝ ክፍል ነበር፤ ኤፕሪል 8 ቀን 2022 ሲያበቃ ማርክ የሚባለው ዋና ገጸ ባሕርይ ሊናገር የሚገባውን ቃል ተናግሮ ሳይጨርስ ስክሪኑ ጠቆረ። ሁለተኛው የመጣው ጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ነው። የመጀመሪያውን ስናይ 9ኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ሁለተኛው ሲጀምር የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዋን ልካ መልስ ትጠብቅ ነበር። ካዘገዩት ነገሮች አንዱ በ2023 የሆሊውድ ጸሐፊዎች 148 ቀን፣ ተዋንያኑ ደግሞ 118 ቀን ያካሄዱት የሥራ ማቆም አድማ ነው። ለዚያ ቅር አላለኝም። ስለ ሠራተኛ የሚያወራ ፊልም በሠራተኞች አድማ ቢቆም ምን ነውር አለው?

ቅር ያለኝ በራሴ ነው። ወርሃዊ ክፍያውን ሳላቋርጥ ረሳሁት። ከሜይ 2022 እስከ ዲሴምበር 2024 ሠላሳ ሁለት ወር። መጀመሪያ 4 ዶላር ከ99 ነበር፣ ወደ 6 ከ99 ከፍ አለ፣ ከዚያ 9 ከ99 ሆነ። አንድ ሌሊት ታች ቁጭ ብዬ በቲኬት ጀርባ ደመርኩት፤ ታክሱን ሳልጨምር 248 ዶላር ከ68 ሳንቲም። ለአንድ ያላለቀ ዐረፍተ ነገር።

ሁለተኛውን ምዕራፍ ያላያችሁ ከዚህ በኋላ ያለውን ሦስት አንቀጽ ዝለሉ።

ሊጀምር ሦስት ቀን ሲቀረው ተዋንያኑ ኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ መሀል የመስታወት ቢሮ ውስጥ ገብተው እንደ ገጸ ባሕርያቸው ሲሠሩ አመሹ፤ መንገደኛው እንደ ዓሣ ማሳያ ከብቦ ያያቸዋል። ልጄ ቪዲዮውን አሥር ጊዜ አየችው። ከጓደኞቿ ጋር ለሦስት ዓመት ምስሉን እያቆሙ መርምረውታል፤ ቢሮው ውስጥ የሚታዩት ፍየሎች ለምን እንደሚረቡ፣ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሠሩ። የመጀመሪያው ክፍል ገና ሳያልቅ ሄሊ የምትባለውን የማርክን ባልደረባ አይታ «ይህች ሄሊ አይደለችም፤ የውጪዋ ናት፣ መስላ ነው የገባችው» አለች። ላይ የሌሊት አትክልተኛ አየሁ ብላ ስትዋሽ ነው የነቃችባት። እኔ አፍራ ነው አልኩ፤ አባቷ የኩባንያው ባለቤት መሆኑን ለባልደረቦቿ እንዴት ብላ ትናገር? በአንድ ወር የሳህን እጥበት ተወራረድን። በአራተኛው ክፍል በረዶ በሸፈነው ፏፏቴ ሥር ሌላውን ባልደረባቸውን የሚጫወተው ጆን ቱርቱሮ ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ ደፍቆ እውነቱን ሲያወጣ፣ ልጄ ምንም ሳትናገር ተነሥታ የሳህን ማጠቢያውን ስፖንጅ አመጣችልኝ።

ሰባተኛው ክፍል ከሁሉ ይበልጥብኛል። የማርክ ሚስት ጌማ የደረሰባትን የሚያሳየው ነው፤ ካሜራውን ስትመራ የቆየችው ጄሲካ ሊ ጋኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀችው። ስምንተኛው ግን አንዲት ሴት ወደ ትውልድ መንደሯ ሄዳ የምትተክዝበት ሲሆን፣ ከዚያኛው ቀጥሎ ሲመጣ ጥሩ ምሳ ከበሉ በኋላ እንደ መቆም ነው፤ ሁለት ጊዜ አንቀላፋሁ። ከሰዎቹ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው አለቃቸው ሚልቺክ ነው። ትራሜል ቲልማን ይጫወተዋል። ጥቁር ነው፣ ትጉህ ነው፣ ኩባንያው ለሹመቱ መሥራቹን ጥቁር አድርጎ የሣለ ሥዕል ያበረክትለታል። ሰውዬው ሥዕሉን ሲያይ ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ነገር ቃል አላገኘሁለትም። ቀጥሎ ደግሞ ትልልቅ ቃል ታበዛለህ ተብሎ ይገመገማል፤ መስታወት ፊት ቆሞ አንዱን ዐረፍተ ነገር እየቆረጠ እየቆረጠ አንዲት ቃል እስክትቀር ያሳጥራል። እኔ አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ ከመጽሐፍ በተማርኩት እንግሊዝኛ «ቲኬትዎን ቢያሳዩኝ ደስታውን አልችለውም» ዓይነት ነገር ስናገር የሰማ አለቃ «ቲኬት በል፣ በቃ» ብሎኛል። ቤቴ ሄጄ መስታወት ፊት ቲኬት፣ ቲኬት ስል ነበር። ቲልማን በ2025 የኤሚ ሽልማትን ሲያሸንፍ ባለቤቴ እልል አለች፤ ድራማውን ግን አንድም ክፍል አላየችም።

መጨረሻው ክፍል 76 ደቂቃ ነው። የውስጡ ማርክ የውጪውን ሚስት ከበሩ ያወጣና እሱ ሳይወጣ ይቀራል፤ በቀዩ መብራት ሥር ከሄሊ ጋር ወደ ኮሪደሩ ይሮጣል። ለጋሼ ስነግራቸው «ደግ አደረገ» አሉ። ጥቂት ቆይተው «ሚስቲቱ ግን ታሳዝናለች» አሉ። ሁለቱንም እስማማለሁ፤ ልጄ ግን የመጀመሪያውን ብቻ።

ሦስተኛው ምዕራፍ እንደሚሠራ የታወቀው ሁለተኛው ባለቀበት ዕለት፣ ማርች 21 ቀን 2025 ነው። እንግዲህ እንደገና መጠበቅ። ልምዴን ለሚፈልግ፦ የመጨረሻው ክፍል እንዳለቀ ያን ምሽት ክፍያውን አቋርጡ፤ ከኦገስት 2025 ጀምሮ ወሩ 12 ዶላር ከ99 ገብቷል። አዲሱ ሲመጣ ሁሉም ክፍል እስኪወጣ ከታገሣችሁ የአንድ ወር ክፍያ ይበቃችኋል። ቤታችሁ የሚወራረድ ሰው ካለ ግን በየሳምንቱ አንድ አንድ ክፍል ነው የሚለቁትና ለሁለትና ሦስት ወር ተዘጋጁ። ለአዲስ ተመልካች ደግሞ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ዝግ ይላሉ፤ ሦስተኛውን ሳታዩ አትተዉት። የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፉን ክፈቱ፤ ሚልቺክ ሲናገር እኔም ቆም አድርጌ መዝገበ ቃላት ገልጬአለሁ። ከሥራ መልስ ወዲያው እንድታዩት ግን አልመክርም። እኔ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው የማየው።

ማቀዝቀዣችን በር ላይ አዲሱ ውርርድ ተለጥፏል። ልጄ የውስጡ ማርክ ያሸንፋል ትላለች፤ እኔ ሁለቱም ይታረቃሉ ብያለሁ። በዚህ ጊዜ የተያዘው ሳህን ሳይሆን የትንሣኤ በዓል ሽንኩርት ከትፎ መጨረስ ነው።

ጋሼ ፈረቃ ስንቀያየር «መጣ ወይ?» ይሉኛል። ጡረታቸው ቀርቧል፤ የጎንደሩ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ባለፈው ሳምንት ኮታቸውን እየለበሱ፣ ከመሄዴ በፊት ካልመጣ ደውለህ ትነግረኛለህ አሉኝ። እሺ ብዬ አሳንሰሩን ጠራሁላቸው። በሩ ሲዘጋ በእጃቸው መልሰው ያዙትና «ላይ ወጥተህ ደውል ታዲያ» አሉኝ፤ «እዚህ ታች እኮ ኔትወርክ የለም።»